የዴሌፍ ትምህርት

በፈረንጆቹ 2018 ነሐሴ ላይ፣ እስራኤል አገር ቂርያት ማላኪ ከተማ ውስጥ ባለ አሮጌ ፎቅ ሁለተኛ ደርብ፣ የነቢሆነኝ ወጥ ቤት ጣሪያ ያፈስ ነበር። ከስሩ የተቀመጠው ሳፋ ከምሽት እስከ ጠዋት አንድ ሊትር ከስምንት መቶ ሚሊ ሊትር ይይዛል። የለካችው ልጁ ሲቫን ናት፤ መለካት ሥራዋ ነው። ገዴራ አጠገብ በሚገኝ የውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የወንዝ ከፍታ ስታነብ ትውላለች። ቢሆነኝ ግን መለኪያ አላስፈለገውም። ጥፋቱ ከላይ የምትኖረው የየሺመቤት ነው ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስቷታል።

በዚያ ሰሞን ሲቫንን ሆላንድ ውስጥ፣ ዴልፍት በሚባል ከተማ፣ የውሃ ምህንድስና የሚያስተምር ተቋም ተቀበላት። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለባት።

«አባዬ፣ ዴልፍት ልማር ነው።»

ቢሆነኝ ያቭነ ከተማ ካለው ፋብሪካ ገና መመለሱ ነበር፤ ጫማውን ሲያወልቅ ቀና አለ። «ዴሌፍ?» ዴሌፍ በዕብራይስጥ ከጣሪያ የሚያፈስ ውሃ ማለት ነው። «ለዴሌፍ ብለሽ ባሕር ልትሻገሪ? ይኸው እራስጌሽ አለልሽ!»

«የከተማ ስም ነው፣ አባ።»

«ቤሰደር፣ እሺ። ታዲያ እኔ የማታ ፈረቃ ስገባ የእናትሽን መርፌ ማን ይወጋል?»

የሲቫን እናት ይርገዱ ስኳር አለባት፤ ዓይኗም ደክሟል። በዚያ ፎቅ መርፌ መውጋት የምትችል ጎረቤት አንዲት ብቻ ናት፤ አረጋውያን ቤት የምትሠራው የሺመቤት።

በማግስቱ ሲቫን ከሥራ እንደተመለሰች፣ እግሯን እየጎተተች፣ ወደ ላይ ወጣች። ወንዝ ውስጥ የውሃ መንገድ የሚፈልጉበትን አረንጓዴ ቀለም ይዛለች።

«‹ውሃሽን ያዢ› ስባል ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ ቀለም?» አለች የሺመቤት በሩን ሳትለቅ።

«ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ ጠብታው አረንጓዴ ይሆናል። ካልሆነ አባቴ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል።»

«እሱን ለማየትማ፣ ያላ፣ ነይ ግቢ!»

ሲቫን ቀለሙን በመታጠቢያውና በወጥ ቤቱ ፍሳሽ ውስጥ ጨመረች። ሌሊቱን የወረደው ጠብታ ንጹሕ ነበር። ከዚያ የፎቁ ጣሪያ ላይ ወጥታ ከራሳቸው የፀሐይ ማሞቂያ የሚወርደውን ውሃ ዘጋች። ጠብታው እየዘገየ ሄደ። የሚያፈሰው በየሺመቤት ወለል ስር የሚያልፈው የራሳቸው ቱቦ ነበር።

ቢሆነኝ ሳፋውን ብዙ አየው። ከዚያ የደረጃውን ብረት ተደግፎ ወጣ።

«እቴ የሺመቤት፣ ዴሌፉ የኛ ነው።»

«እኔስ መች አጣሁት፣ አያ ቢሆነኝ? ወለሌ ሙቅ ነው፤ ክረምቱን ድመቷ ከዚያ አትነሳም። ብነግርህ ትሰማ ነበር?»

«አልሰማም ነበር» አለ። «ሌላም ነገር ልለምንሽ...»

«መርፌውን? ልጅቷ ነግራኛለች። የቤቱን ቁልፍ አምጣ።»

ሲቫን መልሷን በዚያው ሳምንት ላከች። የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ አዲስ ቱቦ በውጭ ግድግዳ አወረደ። ጥቅምት ላይ፣ በሄደችበት ጠዋት፣ ከየሺመቤት ወለል ስር ያለው አሸዋ የጠጣውን ውሃ አንጠባጥቦ ገና አልጨረሰም ነበር። ሳፋው ውስጥ አርባ ሚሊ ሊትር ብቻ ተገኘ።