አጥፍቻለሁ

ክዳኔ የኔትወርኩን ፋይበር ገመድ ጫፍ ከቀዳዳው ጋር ሊያገጣጥም ሞክሮ አሁንም ሳተው። ግራ ዓይኑ ደህና ያያል፤ በቀኙ በኩል ግን መሃል ላይ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይደነቀርበታል። የመሣሪያ ክፍሉ ማቀዝቀዣ እያጓራ እሱን ላብ አጥምቆታል።

"ምነው ዛሬ እጅህ ከዳህ?" አለው በሩ ላይ የቆመው የሆስፒታሉ ኃላፊ። "የራጅ ምስሉ ሐኪሞቹ ጋ እየደረሰ አይደለም። ታካሚው ኮሪደሩን ሞልቶታል።"

"ይደርሳል፣ ጌታዬ።"

ክዳኔ የወጣለት ስም ነው። ፋይበር ክፍት ሆኖ ባየ ቁጥር "ክዳኑን አድርግ!" ብሎ ስለሚጮህ ባልደረቦቹ ዋናውን ስሙን ረስተውታል። በገመዱ የሚያልፈው ብርሃን አይታይም፤ ዓይን ግን ያቃጥላል። "አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም" እያለ ስንቱን መክሯል። መካሪው ራሱ ባለፈው ወር ጫፉ ቆሽሾ እንደሆነ ሊያይ በማጉያ መነጽር አፈጠጠበት። የመስመሩን ብርሃን ከማዶ የሚያጠፋው የሚስቱ ወንድም በስልክ "አጥፍቻለሁ" ብሎት ነበር። ደንቡ ሰው ምንም ቢል በብርሃን መለኪያ አረጋግጥ ይላል። ክዳኔ ግን የዘመድን ቃል በመለኪያ መፈተን ነውር መሰለው። ለአማቹ ሥራውን ያስገኘለትም ራሱ ክዳኔ ነበር፣ ሚስቱ ለምናው።

ሐኪሙ የተቃጠለው አይመለስም አለ። አማቹ ጉልበቱ ላይ ወድቆ አለቀሰ።

"ጋሼ፣ ተሳስቼ ሌላ መስመር ነው ያጠፋሁት። ከታወቀ ያባርሩኛል፤ ልጆቼን ምን ላብላቸው?"

ክዳኔ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ፤ ለሚስቱም አልነገራት። ዛሬ ጠዋት ሻዩን ከስኒው ውጪ ሲቀዳ አይታው "ምን ሆነሃል አንተ?" ብትለው፣ "እንቅልፍ ነው" ብሎ አለፈ። እሷም አላመነችውም።

አሁን ጫፉን ከመጥረጉ በፊት ስልኩን አንስቶ ለአማቹ ደወለ።

"አጠፋኸው?"

"አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ።"

"የመስመሩን ቁጥር አይተሃል?"

"አየሁ አልኩህ! ሰው አንዴ ከተሳሳተ በቃ አይታመንም ማለት ነው?"

ክዳኔ ሊያፍር ምንም አልቀረውም። ቢሆንም መለኪያውን ከቦርሳው አውጥቶ የገመዱን ጫፍ ሰካበት። ብርሃን አለ። እንዲያውም ሙሉ ኃይል።

"መስመሩ እየሠራ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ሊሆን አይችልም።"

"መለኪያው ይዋሻል?"

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። አማቹ ገና መነሳቱ ነበር።

"ያን ቀንም ከመቀመጫህ አልተነሳህም" አለው ክዳኔ።

ክዳኔ ቀጠለ።

"ሌላ መስመር አጥፍቼ ነው ያልከኝ ውሸት ነው። ጭራሽ አልሄድክም።"

"ጋሼ… ደክሞኝ ነበር። አሁን አሁን እነሳለሁ ስል…"

ክዳኔ ግድግዳውን ተደገፈ። ስህተት ቢሆን ይችለው ነበር፤ የስህተት ዕዳ ነው ብሎ ነበር የተሸከመው። አማቹ ከወንበር ለመነሳት ሰንፎ ዓይኑን እንዳሳጣው ማወቁ ግን አቃጠለው።

"ሂድና አጥፋ" አለ። መለኪያው ላይ ብርሃኑ መጥፋቱን እስኪያይ ጠበቀ። ከዚያ ጫፉን ጠርጎ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ሰካው። "አሁን አብራ።"

ኃላፊው ከኮሪደሩ ወዲያ "መጣ! ምስሉ መጣ!" ብሎ ጮኸ።

"ጋሼ" አለ አማቹ ስልኩን ሳይዘጋ፣ "እባክህ፣ እህቴ እንዳትሰማ።"

ክዳኔ ዘጋበት። የአለቃውን ስም ስልኩ ላይ ፈልጎ አገኘና ጥቂት ካየው በኋላ ተወው። የሚስቱን ነካ።

"በሥራ ሰዓት? ምን ሆንክ?" አለች ደንግጣ።

"ቁጭ በይ። ቀጥዬ አለቃዬ ጋ ነው የምደውለው፤ አንቺ ግን ከእኔ አፍ ስሚው" አላት። "የጠዋቱ እንቅልፍ አልነበረም።"