የምንቃሩ ቀለም

ወፉ በመንበረ መዳፍ ውስጥ ልቡ ትር ትር ይላል። ምንቃሩ ቀይ ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

"ግሪሳ ነው አላልሁሽም? ምንቃሩን እይው እንጅ" አሉ በወጥመድ የያዙት አያ ጀምበሩ። ከኋላቸው ያለው ማሽላ የዓመት ጉርሳቸው ነው፤ የግሪሳ መንጋ ከሰፈረበት አገዳው ብቻ ይቀራል።

ጎረቤታቸው ረፊቃ ከማሳው ዳር፣ ከንብ ቀፎዎቿ አጠገብ ሆና ሰማች። "ይኸ እኮ እኔ ጣራ ሥር ነው የሚፈለፍል። ከልጆቼ እግር ሥር ፍርፋሪ ይለቅማል። ለእሱ ብለሽ በአውሮፕላን መርዝ ካስረጨሽ ንቦቼ አለቁ።"

መንበረ ሁለቱንም አመነቻቸው። በሰብል ጥበቃ ባለሙያነት ሽንፋ ቀበሌ ከተመደበች ገና ወሯ ነው፤ ግሪሳን የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው። ስልኳን አውጥታ አየች። የፎቶው ወፍ ምንቃሩ ቀይ፣ ላባው ቡናማ ነው። በእጇ ያለው ግን ቀላ ያለ ሆኖ ጎኑ ላይ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ አለው። ግሪሳ አይደለም ብላ ደስ ሊላት ሲል፣ ቅድም ወጥመዱ አጠገብ ስትዘል የነበረችው እንስት ጓደኛው ቡናማ እንደነበረች ትዝ አላትና እንደገና ግራ ገባት።

ለቀቀችው። ወደ ማሽላው ራስ አልወጣም፤ እንስቲቱ ዘንድ መሬት ላይ አርፎ የሣር ፍሬ ይለቅም ጀመር።

"ከመሬት ነው የሚለቅመው" አለች።

"ታዲያ ይኸን ማን በላው?" አያ ጀምበሩ አንድ የማሽላ ራስ ጎንበስ አድርገው አሳዩአት። ግማሹ ባዶ ነው።

ረፊቃ አመነታች። "ትናንት ሲመሻሽ መንጋ አልፏል። ይኸው ይሁን ሌላ፣ እኔም አልለየሁትም።"

የመንበረ ስልክ ጠራ፤ አለቃዋ ናቸው። "አውሮፕላኑ ለነገ ይያዝልሽ?"

ሁለቱም አፍ አፏን ያያሉ። አላውቅም ማለት አሳፈራት፤ አውቃለሁ ማለት ደግሞ አስፈራት።

"መንጋውን በዓይኔ ሳላይ አላስይዝም" አለች።

"ሌላ ወረዳ ይወስደዋል።"

"ገብቶኛል።"

አያ ጀምበሩ ፊታቸው ጠቆረ። ማሽላው ቢያልቅ እሷ ደመወዟን ትበላለች፤ እሳቸው ምን ይበላሉ? ባይናገሩትም ሰማችው።

ቦርሳዋን ከወፍ መጠበቂያው ማማ ሥር አስቀመጠች።

"ጅራፉን ይስጡኝ፣ አያ። እስኪመሽ እኔ እጠብቃለሁ።"

"ማጮህ ትችያለሽ?"

"አልችልም" አለች መሰላሉን እየወጣች። "ያሳዩኝ።"