ከሰማያዊው ቀለም ሥር

ተሳቢው ጉም ውስጥ ቆሞ ነበር። ከነፋስ ስልክ ዋና መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ መካከል፣ ከሚጎትተው መኪና ተነጥሎ ብቻውን ሲታይ መሬት የረገጠ አይመስልም። ሰማያዊ ቀለሙ አዲስ ነው። አረጋሽ በሩ ላይ ቆማ ስታየው፣ ለወራት በሐሳቧ ስትስለው የኖረችው ነገር በሕልሟ የመጣ እንጂ በውኗ የቆመ አልመሰላትም።

ባሏ አባይነህ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው እሱ የተዋት አሮጌ የፊያት ጭነት መኪና ናት። የአሰብ መንገድ ገና ክፍት ነበርና ጭነት አልጠፋም፤ ነገር ግን ተሳቢ የሌለው መኪና ወደብ ደርሶ ወረፋ ቢይዝ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ሹፌሯ ሮበሌ ይህን ደጋግሞ ነግሯታል። ሮበሌ የለቡ ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ዛሬም እዚያው ጤፍ ይዘራሉ። መንዳት ያስተማረው አባይነህ ራሱ ነበር። ተሳቢ ካልተገኘ ፊያቷን ከመሸጥ ሌላ ምርጫ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ከአፋቸው ግን አላወጡትም።

ሻጩ ወጋየሁ ድምፁ ለስላሳ፣ አነጋገሩ የተመጠነ ሰው ነው። የተሳቢው ባለቤት ውጭ አገር ሲሄድ ውክልና እንደሰጠው፣ ሊብሬው ዘመድ ቤት እንዳለና ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ አስረዳ። ዋጋው ከገበያው ይህን ያህል ማነሱም ባለቤቱ ስለቸኮለ እንደሆነ ሳይጠየቅ ጨመረ።

ሮበሌ ተሳቢው ሥር ገብቶ ቆየ። ሲወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ የሻንሲው ቁጥር መኖር በነበረበት ቦታ ብረቱ በሞረድ ተፍቆ መለስለሱን ለአረጋሽ በጆሮዋ ነገራት። ወጋየሁ ግን ሰምቷል። ዝገት በልቶት ነው፣ አሮጌ ብረት ሁሉ ዕጣው ይኸው ነው አለ ፈገግ ብሎ።

ዝገት የበላው ብረት ይሻክራል እንጂ እንደማይለሰልስ አረጋሽ ታውቃለች። ቢሆንም ልቧ ወዲያው አልራቀም። ፊያቷ ይህን ሰማያዊ ነገር እየጎተተች የአዋሽን ድልድይ ስታቋርጥ፣ ከወዲያ በኩል ነጭ ሙቀት ሲቀበላት፣ አቧራው እንደ መጋረጃ ተከፍቶ ሲዘጋ ታያት። ትንሽ ብቻ፣ ሕልሙ እስኪያልቅ ድረስ ልየው አለች በሆዷ። እንዲህ እያሰበች ወደ ተሳቢው ኋላ ዞረችና የላም ጎን እንደምትደባብስ ሁሉ እጇን በመዝጊያው ላይ አሳለፈች።

ከቀለሙ ሥር አንድ ነገር ጣቷን ያዛት። ወፍራም የድሮ ቀለም ነው፤ ፊደል ነው። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ተከተለችው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ መጡላት። «ናዝሬቴ ጠብቂኝ» ይላል።

«ናዝሬት ማን ናት?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ወጋየሁ፣ ከተማዋ ትሆናለች፣ ሹፌር ተሳቢው ላይ የማይጽፈው የለም ብሎ ሊስቅ ሞከረ።

«ከተማ ጠብቂኝ ይባላል?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። ዓይኗን ስትገልጥ ግን በሩ አጠገብ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ መቼ እንደመጡ አላስተዋለችም። ለመውጣት ሰበብ እየፈለገች ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ያለ ወንድሟ ምክር ዕቃ ገዝታ እንደማታውቅ፣ ከሰዓት በኋላ ይዛው እንደምትመለስ ረጋ ብላ ተናገረች። ወጋየሁ ፊቷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ሌላ ገዢ አለ፣ እትዬ» አላት በመጨረሻ። «ብዙ አልጠብቅዎትም።»

ወጋየሁ በዓይኑ ሲጠቅሳቸው በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው።

ሮበሌ ፊያቷ ውስጥ ገብቶ መሪውን እንደያዘ ሞተር ሳያስነሣ ተቀመጠ። ጽሑፉን ስታነብ ሰምቷል።

«የምትኩ ነው» አለ። «ምትኩን አውቀዋለሁ።»

ምትኩ የላፍቶ ልጅ ነው። ሚስቱን ናዝሬትን ያገባ ሰሞን ያንን ቃል ሲያጽፍ፣ አሰብ ላይ የሚገናኙት ሹፌሮች ሚስቱን ከኋላው አስሮ የሚዞር ሰው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ተሳቢው ያኔ ቀይ ነው፤ ሮበሌም ያልለየው ለዚህ ነው። በሰኔ ከወደብ ጭኖ ተነሣ፤ ሚሌን ሲያልፍ ያየው ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ እሱም መኪናውም የት እንደደረሱ የሚናገር አልተገኘም። ይኸው ኅዳር ሆነ።

ሮበሌ በቀጥታ ወደ ፖሊስ እንሂድ አላት። አረጋሽ ከመስታወቱ ባሻገር ጉሙን ታይ ነበር። የአባይነህን ሞት የነገራት አንድ የማታውቀው ፖሊስ ነው፤ ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ ስሙን እንኳ አሳስቶ ጠርቶ። የምትኩ ሚስት እንደዚያ እንድትሰማ አልፈለገችም። እሷን ላፍቶ እንዲያደርሳትና እሱ ወደ ፖሊስ እንዲሄድ ነገረችው። ሮበሌ ቤቱን ያውቀው ነበር። ጎፋን አልፈው እስኪደርሱ ሁለቱም ስለ ተሳቢ አላነሡም። ከእንግዲህ የፊያቷ ነገር ምን እንደሚሆን አረጋሽ አውቃዋለች፤ ሐዘኑ ግን ገና አልደረሰባትም፣ ከኋላ ቀስ እያለ ይከተላት ነበር።

የናዝሬት ቤት አጥር የለውም። አረጋሽ ስትደርስ ወጣቷ ሴት ደጃፏ ላይ የወንድ ሸሚዞች ታሰጣለች። ነጭ፣ ግራጫ፣ እንደገና ነጭ፤ ነፋስ ሲገባባቸው ደረታቸው ይሞላል፣ ሲተዋቸው ይከሳሉ። ማንም ያልለበሳቸው መሆኑ ያስታውቃል፤ እጥፋታቸው እንኳ በእጥበት አልለቀቀም።

«ናዝሬት አንቺ ነሽ?»

ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ከአረጋሽ ትከሻ በላይ አሻግራ መንገዱን ተመለከተች።

«ብቻዎን ነዎት?»

አረጋሽ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። የቀረውን እንደመጣላት ተናገረች፤ ተሳቢው ነፋስ ስልክ እንዳለ፣ ቀለሙ እንደተለወጠ፣ ቃሉን በጣቷ እንዳነበበችው፣ ሹፌሯ ወደ ፖሊስ እንደሄደ። ናዝሬት አላለቀሰችም። ከሳፋው ውስጥ የቀረውን ሸሚዝ አውጥታ ጨመቀችው፤ ውሃው ካለቀ በኋላም ጨመቀችው።

«ተሳቢው ብቻ?»

«ተሳቢው ብቻ።»

ናዝሬት፣ ተሳቢ ሲያስቸግር ፈትቶ መንገድ ዳር ማቆም የሹፌር ልማድ እንደሆነ፣ ምትኩም አንድ ጊዜ ገዋኔ ላይ እንዲሁ አድርጎ እንደነበር ለራሷ የምታወራ ያህል ተናገረች። አረጋሽ አዎ ሊሆን ይችላል አላለችም፤ አይደለምም አላለችም። ሸሚዙን ተቀብላት በገመዱ ላይ ዘረጋችው።

ናዝሬት ወደ ቤት ገብታ ልብስ ለውጣ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ወጣች፤ የሩቅ እንግዳ ልትቀበል የምትሄድ ትመስል ነበር። በሩን ቆለፈች። ወደ ጎረቤቷ ወደ ቀመሪያ ደጃፍ ተሻግራ ቁልፉን ሰጠቻት።

«ከመጣ፣ ነፋስ ስልክ ደርሳ ትመለሳለች በይው» አለቻት። «ሸሚዞቹ ከደረቁም አስገቢልኝ።»

ቀመሪያ ቁልፉን ይዛ የአረጋሽን ፊት አየች፤ ከዚያ አቀርቅራ እሺ አለች። ሁለቱ ሴቶች ቁልቁለቱን ያዙ። ጉሙ ከታች ካለው ወንዝ ላይ ገና አልተነሣም ነበርና፣ አረጋሽ ጥቂት ከሄደች በኋላ ቆም ብላ እጇን ወደ ኋላ ለናዝሬት ዘረጋች።