«ተጠናቋል» ያልተባለው ዝግጅት

አሁን በማወጋችሁ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ውሸት ብትገኝ፣ ይህ ስንት አዳራሽ ያንቀጠቀጠ ምላሴ እዚያው ይድረቅ። አልጨመርኩበትም፤ እንዲያውም እንዳትደነግጡ ብዬ ቀንሼላችኋለሁ። ምስክር አምጣ ካላችሁኝም የእህቴ ልጅ አለች፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብራኝ ነበረች።

የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ዝግጅት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊውም፣ ሠራተኛውም፣ ተላላኪውም እኔው ነኝ፤ እኔ ካለሁ ሌላ ሰው ምን ይሠራል? ተማሪዎቹ «ጋሽ ማይክ» ይሉኛል፤ ድምፅ ማጉያ አንዴ ከጨበጥኩ የሚያስለቅቀኝ የመብራት መጥፋት ብቻ ነውና። ታዲያ አንድ ቀን ዲኑ አስጠራኝ።

«አዳራሹ ሁልጊዜ ባዶ ነው» አለኝ። «በሚቀጥለው ዝግጅት ተማሪ ካልመጣ ክፍሉን እዘጋዋለሁ። እርስዎም ምድር ቤት፣ ፍራሽ መጋዘን ይመደባሉ።»

ፍራሽ መጋዘን! መስኮት የለው፣ ሰው የለው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲናገር የኖረ ሰው ለፍራሽ ምን ይናገራል? ፍራሽ እንደሆነ አያጨበጭብ።

«ክቡር ዲን፣ አፕ እኮ ሠርቻለሁ» አልኩት። በሐሳቤ ጨርሼው ነበር፤ የቀረው ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጡ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ የእህቴ ልጅ ታስቀምጠዋለች። የኮምፒውተር ተማሪ ናት። ጭንቅላቱን ከእኔ ነው የወረሰችው፤ እናቷን ተዉአት።

እሷ ያሰበችው ተራ ነገር ነበር። ተማሪው ጓደኞቹ የትኛው ዝግጅት ላይ ሊገኙ እንዳሰቡ ስልኩ ላይ ያያል፤ ደስ ካለው አብሯቸው ይሄዳል።

«ደስ ካላለውስ?» አልኳት።

«ይቀራላ፣ ጋሼ።»

«አየሽ፣ ልጅነትሽ እዚህ ላይ ነው!»

ያኔ የራሴን ፈጠራ አስገባሁበት። ተማሪው በሩ ላይ የተለጠፈውን ኮድ በስልኩ አንብቦ ይገባል፤ ነጥብ ያገኛል። በነጥቡ ለከርሞ የዶርም አልጋ ይመርጣል፤ መስኮት ዳር፣ ከሽንት ቤት የራቀ። ነገር ግን አዘጋጁ፣ ማለትም እኔ፣ በስልኬ «ተጠናቋል» የሚለውን ከመንካቴ በፊት ከአዳራሹ የወጣ ሰው ያጠራቀመው ነጥብ በሙሉ ይሰረዛል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዝግጅት አይደለም፤ እስር ቤት ነው» አለችኝ።

«መግባቱን ተይው፤ ዋናው አለመውጣቱ ነው። ጻፊ ዝም ብለሽ!»

ግንባሯን ቋጥራ ጻፈችው።

ቀኑ ደረሰ። ርዕሱ «የጊዜ አጠቃቀም»፣ ተናጋሪው እኔ። አዳራሹ ሁለት መቶ ወንበር አለው፤ የገባው ሰው ግን ሲያንስ ሲያንስ ሦስት ሺህ ነው። አንድ ወንበር ላይ አምስት እየሆኑ ተደራረቡ፤ የተረፈው መጋረጃ ላይ ተንጠለጠለ። ደጅ የቀረው ሕዝብ ገፍቶ እንዳይገባ ዘበኛው በሩን ከውጭ ቆልፎ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

ንግግሬን ጨረስኩ። ጭብጨባው ጣሪያውን ብድግ አድርጎ መለሰው። «ተጠናቋል» ልል ስልኬን ሳወጣ ጭልም ብሏል! ያን ሁሉ ሕዝብ ስቀርፅ ባትሪው አልቆ። ስልኬ ደግሞ የጥንት ነው፤ የማንም ቻርጀር አይገባበትም።

መጀመሪያ ማንም አልተነሳም። የመስኮት ዳር አልጋውን ጥሎ ማን ይወጣል? በኋላ አንድ ዘለግ ያለ ልጅ «ነጥቡ ገደል ይግባ!» ብሎ ወደ በሩ ሮጠ። ገፋው። አልተነቃነቀም። በትከሻው ገጨው። ወይ ፍንክች! የዘበኛው ቁጥር ደግሞ ያለው በሞተው ስልኬ ውስጥ ብቻ ነው።

መስኮቶቹ በቀለም ተጣብቀው ከቀሩ ዘመናት አልፈዋል። አየሩ እንደ አጥሚት ወፈረ። ተላጭቶ የገባው ጢም አበቀለ፤ ተጣልተው የገቡ ፍቅረኞች ታረቁ፣ መልሰው ተጣሉ።

«ጋሽ ማይክ፣ በፈጠረዎት ይልቀቁን!»

«እኔንስ ማን ይልቀቀኝ?»

«የጊዜ አጠቃቀም ማለት ይሄ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ሾካካ ከኋላ።

ዝም ብል ግድግዳው የሚጠጋብኝ መሰለኝ። ስለዚህ ንግግሬን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። የእህቴ ልጅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ትሰማኛለች፤ አንዴ እኔን ታያለች፣ አንዴ በሩን። ድምፄ ሲዘጋ ተነስታ ውኃዋን አቀበለችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል መንገድ አላጣችም።

አመሻሽ ላይ ዘበኛው መብራት ሊያጠፋ መጥቶ በሩን ከፈተ። «ውይ! ሰው ነበረ እንዴ?» አለ። የዘበኛ ቀልድ መቼም ይታወቃል።

በማግስቱ የእህቴን ልጅ አስከትዬ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ለእናንተ ያልኩትን አንድም ሳላጓድል አወራሁለት። ይነሳና ያቅፈኛል ብዬ ክንዴን ማዘጋጀት ስጀምር ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ሦስት ሺህ ተማሪ ላይ በር ቆልፈው?»

«ክቡር ዲን፣ ዋናው ነገር ሙሉ ነበር…»

«አንዱ ታፍኖ ቢሞትስ? እንዲያውም መጋዘኑ ይቅርብዎ! ይሄ ከሥራ የሚያሰናብት፣ ፖሊስ ጣቢያ የሚያደርስ ጥፋት ነው!» ብሎ ስልኩን አነሳ።

ከትናንቱ አዳራሽ ይልቅ ይሄ ቢሮ ጠበበኝ። ሕዝቡን ባበዛው ፖሊስ፣ ባሳንሰው ፍራሽ።

«አምስት መቶ ቢሆኑ ነው» አልኩ። ዲኑ መደወል ጀመረ። «ሦስት መቶ! የገዛ ወንበራቸው ላይ፣ በነፃነት!» አልሰማኝም። «ምስክር አለኝ! ይቺውና፣ ጠይቋት!»

ዲኑ ጣቱን ስልኩ ላይ እንዳደረገ ዞር ብሎ አያት። የእህቴ ልጅ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማለች። እኔን ሳታይ፣ ለራሷ የምታወራ ያህል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሼ ማንም ላይ አልቆለፉም» አለች። «ማንም አልመጣም። ዘበኛው አዳራሹ ባዶ መስሎት ነው የቆለፈው። ውስጥ የነበርነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።»