የመኝታ ክፍሉ ዝምታ

የፊልሙ ሐሳብ ትልቅ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ግድግዳ የሰማውን አይረሳም፤ በውስጡ የኖሩትን ሰዎች ድምፅ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ያኖራል፤ አንድ ቀን ደግሞ ጠቢብ ሰው መሣሪያ ሠርቶ የሙታንን ንግግር ከግድግዳ ይጨምቃል። ሐሳቡ ይህን ያህል ሲልቅ መሣሪያው ግን ብርማ ቀለም የተቀባ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር፤ ጠቢቡ ስለ ዘላለም ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር የማሽኑም በር አብሮት ይከፈታል።

ገና ያልተጠናቀቀውን ፊልም ለዘመድ ባሳዩበት ዕለት ሳቁን የጀመረው የአዘጋጁ አጎት ነው።

«የሙታኑን ነገር ለጊዜው ተወውና» አለው፤ «ይህቺ ማሽን ካልሲ ታጥባለች ወይ?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አዘጋጁ መብራቱን ሳያበራ ወጣ። ታላቅ እኅቱ ተከትላው ብትወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲበላ አገኘችው።

የፊልሙ የድምፅ ባለሙያ እሷ ናት። በሙያዋ ወግ፣ የአንድ ክፍል ቀረጻ ሲያበቃ ሁሉም ባለበት ትንፋሹን ውጦ ይቆማል፤ እሷም የክፍሉን ዝምታ ትቀዳለች። ንግግር ተቆርጦ ሲቀጠል ስፌቱ እንዳይታወቅ ከሥሩ የሚነጠፈው ይህ ዝምታ ነው። ስቱዲዮ መከራየት ከአቅማቸው በላይ ስለነበር የቀረጹት በሟች እናታቸው መኝታ ክፍል ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ማዳመጫዋን አጥልቃ ያን ዝምታ ስታነጥፍ ሰው ሲተነፍስ ሰማች። ትንፋሹ ይገባል፤ ሊወጣ ሲል እንደ ፉጨት ይቀጥናል፤ ከዚያ ምራቅ የመዋጥ ድምፅ ይከተላል። ሌላ ሰው ቢሆን ከተዋንያኑ አንዱን በጠረጠረ። እሷ ግን በእናቷ የሕመም ወራት ከአልጋው አጠገብ ፍራሽ አንጥፋ ስታደምጠው ያደረችውን ትንፋሽ ልትስተው አትችልም።

ወንድሟን ጠርታ አሰማችው። ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ተጫነ።

«አየሽ እትዬ፤ ልክ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ይበቃሃል። ተዋት።»

«እሷ ከሆነችማ ትናገር። ኮምፒዩተሩ ትንፋሹን ስቦ ወደ ቃል ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ማን ይስቃል?»

«እማዬ በሕይወት ሳለችስ መቼ መናገር ትወድ ነበር? ስትቆጣን እንኳ በዓይኗ ነው።»

«አጎቴ ሲስቅ አንቺም ከንፈርሽን ነክሰሽ ነበር። አይቼሻለሁ።»

እውነት ነበር። የዚያን ሳቅ ካሳ ልትከፍለው እጇን ወደ ኮምፒዩተሩ ቁልፎች ሰደደች፤ ሰው ኀፍረቱን ለመሸፈን የሚውለው ውለታ ብዙ ጊዜ ከበደል አይሻልም። ቅጂ ማስቀመጧን ግን አልዘነጋችም።

ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ሲመሻሽ ከድምፅ ማጉያው «ልጆቼ ሆይ፣ አለሁ» የሚል ቃል ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ ለስላሳ፣ እንደ ባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ። ወንድሟ እንባውን ጠረገ። እሷ ግን ደግማ አዳመጠችው። እናታቸው «እናንተ» ትላቸው ነበር እንጂ «ልጆቼ ሆይ» ብላቸው አታውቅም። ፉጨቱም የለም።

የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈተች፤ የድምፁ መስመር እንደ ተወጠረ ክር ተዘርግቷል፤ ትንፋሹ የለም። ደብቃ ያስቀመጠችውንም ከፈተች፤ እንደዚያው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

መቅረጫዋን አንግባ ወደ መኝታ ክፍሉ ገሠገሠች፤ ወንድሟ ቀድሟት ገባ። በኮሪደሩ ስታልፍ በማዳመጫዋ የጫማዋን ኮቴ፣ የቧንቧውን ጠብታ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሰማች። የክፍሉን ደፍ በተሻገረች ጊዜ ሁሉም ጠፋ። መስኮቱን ብትከፍት መጋረጃው ይውለበለባል እንጂ ድምፅ የለውም። መቅረጫው ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች፤ ጠብታው አለ። ገባች፤ የለም።

ወንድሟ ከባዶው አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የድምፅ መጠን የሚያሳየው የመቅረጫው መርፌ ግን ንቅንቅ አላለም። ማዳመጫዋን አወለቀች፤ በባዶ ጆሮዋ ሰማችው።

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተንፍሺ» እያለ ነበር።