ቁንጭር ዘሩ ሲቆጠር

1.

አልዋሹም!

2.

ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዬን እየዘለልኩ ስለነበር ከየት መጀመር እንዳለብኝ ጠፋኝ።

ሥራዬ የቁንጭርን ዘር መቁጠር ነው። ቁንጭር በሚባለው የቆዳ ቁስል ውስጥ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ አለ፤ ዘረመሉን አነባለሁ፣ የየት አገር ተሕዋስ ዘመድ እንደሆነም እናገራለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ላብ ውስጥ ነኝ» ብዬ አልፋለሁ፤ ማስረዳቱ ምሳ ሰዓት ይፈጃል።

3. የሰዎች ዝርዝር

ጋሽ ይርዳው። የጭምዶ መንደር ልብስ ሰፊ። አፍንጫቸው ላይ ቁንጭር ወጥቶባቸዋል።

እትዬ ትጓደድ። ሚስታቸው። ክርናቸው ላይ ትንሽ ቁንጭር አለባቸው። ቅናታቸው ግን ትንሽ አይደለም።

ውባለም። የጋሽ ይርዳው የቀድሞ ሚስት። የምትኖረው ወይራ አምባ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ብቅ አትልም፤ ጣጣው ሁሉ ግን በእሷ ነው።

ሦስት ሽማግሌዎች።

የአሸዋ ዝንብ። ተሕዋሱን ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታመጣው እሷ ናት፤ ሰው ከሰው ጋር ስለኖረ አይጋባም። (ይህን ሦስት ጊዜ አስረድቻለሁ። የሰማኝ የለም።)

4.

የጤና ባለሙያው የጋሽ ይርዳውን አፍንጫ አይቶ «ቁንጭር ጭምዶ የለም፤ ያለው ወይራ አምባ ነው» አለ።

እትዬ ትጓደድ አጠገባቸው ቆመው ነበር።

በቃ።

5. የሽምግልናው ግልባጭ

ትጓደድ፦ ወይራ አምባ እሷ ጋ ሄዶ ነው! ወይ ይመን ወይ ይፍታኝ!

ይርዳው፦ ከጭምዶ ንቅንቅ አላልኩም።

ትጓደድ፦ ታዲያ ዝንቧ ልብስ ልታሰፋ መጣችልህ?

አባ ቢተው (የሽማግሌዎቹ ታላቅ)፦ ልጄ፣ ማሽንሽ ይህን ነገር ይለያል?

እኔ፦ የተሕዋሱን ዘመዶች ይለያል፣ አባ።

አባ ቢተው፦ እንግዲያው የሁለቱም ይታይ። እኛ የአንድ ወገን ሰምተን አንፈርድም።

እኔ፦ ኧረ የእሳቸው ብቻ ይበቃል...

ትጓደድ፦ ይታይ እንጂ! የኔ ከሱ የተጋባ ነው። አንድ ሆኖ ሲገኝ ጉዱ ይወጣል!

6. መመሪያ

ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ፋቅ። ዘረመሉን አጣራ። ስልክ በምታክል ማሽን ውስጥ ጨምር። መብራት እንዳይጠፋ ጸልይ። ጠብቅ።

አትጨፍር።

(ጨፈርኩ።)

7. ናሙና አንድ

የጋሽ ይርዳው ተሕዋስ ከወይራ አምባዎቹ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። የቅርብ ዘመዶቹ የተገኙት ከገዛ ጓሯቸው ገደል፣ ቀደም ብዬ ናሙና ከወሰድኩባቸው ሽኮኮዎች ነው። ቁንጭር ጭምዶ ውስጥ አለ ማለት ነው! ሰውየው እዚያው የስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ልብስ እየሰፉ ነው የተያዙት! ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

8. ናሙና ሁለት



እንደገና አነበብኩ።



9. ናሙና ሁለት

ወይራ አምባ።

10.

አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅ። እኔም ሳቄን ይዤ ነው የምጽፈው።

ውጤት የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከመሰብሰባቸው በፊት እትዬ ትጓደድን ለብቻቸው ጠራኋቸው።

እኔ፦ እትዬ፣ ወይራ አምባ ሄደው ያውቃሉ?

ትጓደድ፦ አምና። እህቴ ታማለች ብዬው።

እኔ፦ ምን ሊያደርጉ?

ትጓደድ፦ ላደፍጥ ነዋ! ከውባለም ቤት ፊት ለፊት ቋጥኝ አለ። እሱ ሥር ተሸጉጬ ሁለት ቀን ሙሉ እስኪመሽ ጠበቅሁት።

እኔ፦ መጡ?

ትጓደድ፦ ከዝንብ በቀር ማን ይመጣል!

ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ለቀቅሁት። ከዚያ ድንገት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አሁን ይህን ሰው በምን ዓይኔ ላየው ነው?» አሉኝ።

አሳዘኑኝ። የእሳቸውን ወረቀት አጥፌ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና ማንም በግድ ሊያስነብባቸው እንደማይችል ነገርኳቸው።

11.

የጋሽ ይርዳውን ውጤት እሳቸው ስለፈቀዱ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አባ ቢተው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው መረቁ። ጋሽ ይርዳው ይፎክራሉ ብዬ ነበር። አልፎከሩም። መርፌ የወጋጋውን ጣታቸውን እያሻሹ ወደ ሚስታቸው ክርን አዩ።

ይርዳው፦ የሷስ? ከኔ ተጋብቶባት ከሆነ፣ እዚሁ ሽማግሌ ፊት ይቅርታ ልጠይቃት።

አፌን ልከፍት ነበር። እትዬ ትጓደድ በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ወረቀቱን ይዘው ተነሡ።

12.

ትጓደድ፦ ተቀመጥ፣ ይርዳው። አንተ አይደለህም ይቅርታ የምትለው። አምና እህቴ ታማለች ያልኩህ ጊዜ፣ እኔ ነኝ ወይራ አምባ የሄድኩት፤ አንተን ላደፍጥ።