የሐጂ ሸራፈት የተቃጠለ እጅ

ሐጂ ሸራፈት ጭስ ይወዳሉ። ምን እሳቸው ብቻ፣ ፋይሰላባድ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ማቅለሚያ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው። ጭስ ማውጫህ ካልጨሰ ከስረሃል ነው የሚባለው። ክር ሻጩ በዱቤ መስጠት ይተዋል፣ ልጅህን ሊያጭ የመጣውም ከበር ይመለሳል።

የወንድማቸው ልጅ መሐንዲሷ ታህሚና ይሄን ወሬ በሰማች ቁጥር ቅጥል ትላለች። ግቢው ውስጥ ሦስት ዓመት ለፍታ የጡብ ቤት አቁማለች። ቀን ቀን ጣሪያው ላይ ካሉት የፀሐይ ሰሌዳዎች በሚመጣው ኤሌክትሪክ ጡቦቹ ፍም እስኪመስሉ ይግላሉ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም በያዙት ሙቀት ውሃው እንፋሎት እየሆነ የማቅለሚያ ገንዳዎቹን ሲያፈላ ያድራል። አሮጌው የከሰል ማፍያ፣ ቦይለሩ፣ ሥራ ፈትቷል፤ ከሰል የለም፣ ጭስ የለም። የአጎቷ ራስ ምታትም ይኸው ነው።

ዛሬ ደግሞ የውጭዎቹ ገዢዎች ወኪል ዑዝማ ከካራቺ ትመጣለች። ያለ ከሰል እንደሚሠሩ ካመነች ትእዛዙን ትሰጣለች። ካላመነች ሐጂ ምለዋል፤ «ጡብሽን አፍርሼ ለአጥር ነው የምሸጠው!»

ታህሚና ጠዋት ግቢው በር ስትደርስ ቀና አለች። ጥቁር ጭስ! እየሮጠች ሄደች፤ እሳት አንዳጁ ጉልዛር ከጭስ ማውጫው ሥር ቁጭ ብሎ ቡትቶና አሮጌ ጎማ ይማግዳል።

«አንተ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«እኔ ምን ላድርግ ባጂ፣ እህቴ፣ ሐጂ ሳሂብ ናቸው። ‹እንግዳ በሚመጣበት ቀን ጭስ ማውጫዬ ራቁቱን አይቆምም› አሉ።»

ሐጂም በስታርች የደረቀ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ከኋላቸው አምስት ስድስት የጨርቅ ነጋዴዎች ተከትለዋል፤ የካራቺዋን እንግዳ እንዲያዩላቸው ራሳቸው የጠሯቸው ናቸው።

ታህሚና ወደ አጎቷ ጆሮ ተጠግታ፣ «ቻቻ፣ ምን ነካዎት? ሴትዮዋ እኮ የምትመጣው ጭስ እንደሌለን ልታይ ነው!» አለች።

«እሷ አይታ ትሄዳለች። ከገበያው ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። ደግሞ ትንሽ ጭስ ማንን ገደለ?»

ይሄኔ የእንግዳዋ መኪና ገባ። ዑዝማ ወርዳ ጭሱን ቀና ብላ አየችው።

«ከሰል አንጠቀምም አላላችሁም ነበር?»

ሐጂ ነጋዴዎቹን በዓይናቸው ሰረቅ አደረጉ። ለታይታ ቡትቶ አቃጠልኩ ይበሉ? በእነዚህ ፊት? ሞት ይሻላል!

«ምን ይደረግ እመቤቴ፣ የልጅቷ ጡብ ትናንት ቀዘቀዘብን» አሉ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ። «ይኸው ወደ ከሰላችን ተመለስን።»

አይ እፍረተ ቢስ! ሦስት ዓመት ልፋቷን ለአንድ ቁና ጭስ ሸጡት። ታህሚና ግን ድምፅዋን አልጨመረችም።

«እንግዲያው የከሰሉ ቦይለር እየነደደ ነው ማለት ነው፣ ቻቻ?»

«እንዴታ!»

«እሺ፣ ይምጡና ይንኩታ።»

እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ቦይለሩ ክፍል መሄድ ጀምሯል። የቦይለሩ በር ላይ ሸረሪት አድርታለች። ሐጂ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉትና፦

«ወይኔ! ወይኔ እጄን!» ብለው ወደ ኋላ ዘለሉ።

ታህሚና ጠጋ አለችና ጉንጯን ብረቱ ላይ ለጥፋ ቆመች። ዑዝማም መዳፏን አሳረፈች፤ አላነሳችውም። ነጋዴዎቹ በፎጣቸው አፋቸውን ይዘው በሳቅ ይንተከተኩ ጀመር።

«እና ገንዳዎቹን የሚያፈላው ምንድን ነው?» አለች ዑዝማ።

«ይምጡ ላሳይዎት» ብላ ታህሚና ወደ ጡብ ቤቱ ወሰደቻት።

ትእዛዙ በሳምንቱ መጣ። ሐጂ ግን አንዴ ጮኸዋል፣ ምን መመለሻ አላቸው! ደህናውን ቀኝ እጃቸውን እስከ አንጓው በፋሻ ጠቅልለው ገበያ ለገበያ ይዞራሉ። «የድሮ ቦይለር ክፉ ነው» ይላሉ ለጠያቂው ሁሉ።

ለትእዛዙ ደስታ ነጋዴዎቹን እራት ጠሩ። የምስር ወጡ ዳል ቀረበ፣ ቂጣው ሮቲ ቀረበ። ሐጂ በግራ እጃቸው አይበሉ ነገር ነውር ነው፤ ፋሻውን አይፈቱ ነገር ጉድ ይፈላል። ሁሉም እጁን ሰብስቦ ያያቸዋል።

ታህሚና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሮቲውን ቆረሰች፣ ዳሉን አጠቀሰች።

«አፍዎን ይክፈቱ፣ ቻቻ።»

ከፈቱ። እስኪጠግቡ ድረስ አጎረሰቻቸው።